ባና የለበሰው ሲፒዩ

ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት አጠገቡ አልቆምም። ቁልፉን ተጭኜ እወጣለሁ። ዳቦ እገዛለሁ፤ ከዳቦ ሻጯ ጋር በዱቄት ዋጋ ጥቂት እንተክዛለን፤ ሻይ እጠጣለሁ፤ ሒሳብ ከፍዬ መልሴን ቆጥሬ ስመለስ ማሽኑ ገና «ዌልካም» እያለኝ ነው። በእኛ በወሎዎች ደንብ «ቤት ለእንግዳ» ያለ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው እንግዳውን ማስገባት ነው። ይኼኛው ግን ደጃፍ ላይ አቁሞኝ ሰላምታውን ብቻ ያሽከረክራል።

ሱቄ መካነ ሰላም ውስጥ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ሲፒዩ። ሲፒዩ ማለት ውስጥ ያለችው ትንሿ ፕሮሰሰር ብቻ ናት ብለው የሚከራከሩኝ ተማሪዎች አሉ። ልክ ናቸው። ግን ከመርካቶ እስከ ሳይንት ሕዝቡ ሣጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ብሎታል፤ ሕዝብ ያወጣውን ስም መምህር አይሽረውም። በሬ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሠርግ ካርድ፣ የመጽሔት ዲዛይን» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የመጨረሻዋን የጻፍኳት በምኞት ነበር። ለዓመታት ያኖረኝ ማመልከቻ ነው፤ የድንበር ክርክር፣ የዝውውር ጥያቄ፣ «እኔ አመልካች ስሜ ከላይ የተጠቀሰው» የሚለው ሁሉ። ለማመልከቻ ደግሞ መብራት እስካለ ድረስ የትኛውም ኮምፒውተር ይበቃል። የእኔው ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ ስሪ፣ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 500 ጊጋ ባይት ሃርድ ዲስክ ያለው፣ ዱባይ ቢሮ ውስጥ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ነው። ከነዐረብኛ ኪቦርዱ ነው የመጣልኝ።

ምኞቴ ግንቦት ላይ እግር አውጥታ መጣች። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ እዚሁ ከተማችን ነው፤ ተመራቂዎች የምረቃ መጽሔታችንን ሥራልን ብለው በሬን ሞሉት። 96 ገጽ፣ ባለ ቀለም። ተመራቂው በጋውን ተነሥቶ፣ ከሥሩ ስሙ፣ ከስሙ ሥር ደግሞ «ላስት ወርድ»። 22 ዓመት የሞላው ልጅ የመጨረሻ ቃሉን ሲናገር ያላያችሁ ብትኖሩ አንድ ቀን ኑ። አንደኛ ፈጣሪውን፣ ሁለተኛ እናቱን፣ ሦስተኛ የዶርም ጓደኞቹን ያመሰግንና፣ በመጨረሻ ስሟን ላልጠራት፣ ግቢው በሙሉ ግን ለሚያውቃት አንዲት ልጅ ሁለት መስመር ግጥም ይተዋል። ያቺ ልጅ ራሷ ገጽ 41 ላይ ናት፤ የእሷ ላስት ወርድ ስለ ሌላ ሰው ነው።

እነሱ ግጥሙን ያስባሉ፤ እኔ ሒሳቡን። አንድ ኤፎር ገጽ ለኅትመት በሚበቃ ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሰናዳ፣ 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ 8 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ነጥብ። ማተሚያው አራት ቀለም ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ባይት ያዙለት፤ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ይመጣል። ይኼ አንድ ሌየር ነው። ሽፋኑ ላይ ከኋላ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ከፊት የተበተነ አበባ፣ በመሃል ወደ ሰማይ የተወረወረ ቆብ ይግባ ሲባል (ያለ ቆብ ውርወራ የተመረቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም) ሌየሩ ሃያ ይደርሳል። ፎቶሾፕ በዚህ ላይ እያንዳንዱን ያደረግኩትን ነገር ቢመልሰውስ ብሎ ይይዝልኛል። ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ማውረድ ይጀምራል፤ ማጀት ጠቧት ድስቷን ጎረቤት ያስቀመጠች ሴት ለእያንዳንዱ ወጥ ማማሰያ ጎረቤት እንደምትመላለስ። ወጡ አያርርም አይባልም።

አንድ ምሽት ያለቀውን ሁሉ ወደ ፒዲኤፍ እንዲቀይር አዝዤው ተኛሁ። የሱቋ የኋላ በር ወደ አከራዬ ወደ እትዬ ጓዳ ይከፈታል። ጠዋት ስገባ ሲፒዩው ባና ለብሷል። ከላይ እስከ ታች፣ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ከሥሩ ተወትፎ።

«ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ እኮ ልጄ» አሉኝ እትዬ፤ «ብርዱ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ይሁን ዕቃ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላድርም።»

የሰሙት የማቀዝቀዣውን ፋን ነው። የእኛ አገር ባና ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው፤ እሱን ለብሶ በጉጉፍቱ ብርድ ውጭ ያደረ ሰው በሕይወት ያነጋል። ፕሮሰሰር ግን የሚኖረው ትኩስ አየር ካስወጣ ብቻ ነው። መተንፈሻው ሲደፈን ሙቀቱ ናረ፣ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ጠፋ፣ ፒዲኤፉም ገጽ 38 ላይ ቀረ። ምን እላቸዋለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኩ። ባናውን አጥፌ ስመልስላቸው ግን አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ይኼ ማሽን መሻሻል አለበት።

ውሳኔዬ ከእኔ ቀድማ ገበያ ደረሰች። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ ደንበኛዬ «ግራፊክስ ካርድ ግዛ» አለኝ፤ አጥብቆ። ጥብቅናው ስላሳሰበኝ ስጠይቅ፣ ለካስ እኔ ዘንድ ማታ ማታ የኳስ ጌም ሊጫወት አስቦ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ «ጣለውና አይ ሰቨን ግዛ» አለ፤ ማስጣሉ ከእሱ፣ መግዛቱ ከእኔ። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት አለው፦ ፎርማት። ሚስቱ ራሷን ሲያማት ፎርማት አዝዞላታል ብለው ያሙታል። የድንበር ክርክሩን በየዓመቱ የምጽፍላቸው አንድ አባት ብቻ፣ አግዳሚው ላይ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ «በሬውን ከመለወጥህ በፊት ገለባውን እየው» አሉ። ስለ ኮምፒውተር የማያውቁ መስሎኝ አለፍኩት።

እኔ የያዝኩት አቋም ይኼ ነው። የእኛ ሥራ ፊደል መደርደርና ፎቶ ማስቀመጥ ነው፤ ገጹ አይሮጥ፣ አይዘል። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ለጌምና ለቪዲዮ ይጠቅማል፤ ለመጽሔት ግን የሠርግ በሬ እንደ መጥመድ ነው። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ራም፣ ከዚያ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስኤስዲ። ከዚያ የተረፈ ካለ ቀለም የማይዋሽ ሞኒተር፤ ስክሪን በብርሃን፣ ወረቀት በቀለም ስለሚሠራ እዚያ እንደ መስከረም ሜዳ ያበራው አረንጓዴ እዚህ የዋለ ጎመን መስሎ ይወጣል፤ የሠርግ ካርድ ያሠራ ሙሽራ ደግሞ የሚወቅሰው እኔን ነው። የተረፈ ግን አልነበረም።

ደሴ ደወልኩ። «8 ጊጋ ራም» አልኩ። ዋጋውን ሲነግሩኝ አንድ ጠቦት ያወጣል፤ እትዬ ሰምተው «ይቺ ለመጎረሻ የማትበቃ ነገር?» አሉ። ራሟ በወረቀት ተጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ረዳት ኪስ ጉጉፍቱንና አቀስታን አልፋ በማግስቱ ደረሰች። አልገባ አለች። ርዝመቷ ልክ ነው፣ ከሥሯ ያለችው ስንጥቅ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝንፍ ብላለች። ዲዲአር ፎር ነበረች፤ የእኔ ማዘርቦርድ ዲዲአር ስሪ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ራም በስሙ ብቻ አይታዘዝም፣ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ጎረቤቴ ሞረድ አምጥቶ «ትንሽ ብንሞርዳትስ?» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ፎርማት ያልሆነ ሐሳብ በማቅረቡ አከበርኩት፤ ሞረዱን ግን ቀማሁት።

ወደነዚህ ተራሮች ሃርድዌር ማምጣት መቼም ቀላል ሆኖ አያውቅም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን መድፍ፣ መንገድ እያስቆረጡ፣ በሰው ክንድ እያስጎተቱ መቅደላ ለማውጣት ወራት ፈጅቶባቸዋል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ያ ሁሉ ላብ የቀኑን ዕጣ አልለወጠም። መቅደላ ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። ታሪክ አዋቂዎች ይቅር ይበሉኝና፣ የማትገባ ራም ይዤ የተከፈተ ሲፒዩ ፊት ቆሜ ሳለ በዓይኔ የመጣው እሱ ነው። የእኔዋ ቢያንስ ከፖስታ አትከብድም፤ በመጣችበት ረዳት ኪስ ተመልሳ ሄደች።

ሁለተኛዋ ገባች። ደስ ብሎኝ ከፍቼ ባሕርይውን ባየው «8 ጊጋ ባይት ተጭኗል፤ 3.2 ያገለግላል» ይላል። ዊንዶውሴ ባለ 32 ቢት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ መቁጠር አይችልም፤ ከዚያችም ለማሽኑ ሌሎች ክፍሎች ይቀነሳል። የስምንት ሰው እንጀራ ጋግሬ በሦስት ሰው መሶብ አቅርቤያለሁ።

ለምን ባለ 64 ቢት አልጫንክም የሚል ይኖራል። ፈርቼ ነዋ! የእኛን ሙያ ያልሠራ ሰው የፎንትን ፍርሃት አያውቀውም። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላችን ቋሚ ቦታ ከመስጠቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየማተሚያ ቤቱ የሠራንባቸው የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቤት ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። «ሀ» የራሷ ቤት የላትም፤ በሌላ ፊደል ወንበር ላይ የእሷ ሥዕል ይቀመጣል። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ሁሉ ሰላም ነው። ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ግን ባለቤቶቹ ከየተደበቁበት ይወጣሉ፤ አንዲት የካቲት ላይ የዳርናት ሙሽራ ስሟ በመቶኛ ምልክት ጀምሮ በቃለ አጋኖ አልቋል። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የቤት ቁጥር ሰጠው፤ እኔ ዘንድ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ፣ ፔጅሜከር በሚባለው የድሮ ገጽ ማሰናጃ ፕሮግራም የተደረደረ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የጽዋ ማኅበር መዝገብ፣ ፎርም ሞልቶ ተርፏል። ፔጅሜከር ራሱ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ እትም ወጥቶለት አያውቅም። ዊንዶውሱን ብነካው አንድ ከተማ ሙሉ መዝገብ የሚፈርስ ይመስለኛል።

ጨከንኩ። ሁሉን ነገር ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ኮፒ እንጂ ከት አይደለም። በዚህ ላይ አጥብቄ የምይዘው ከመቅደላ የተነሣ ነው። እንግሊዞች ሲመለሱ ብራናውንና ሌላውን ዘረፋ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለጋቸው ይነገራል፤ ኮፒ አድርገው ቢሆን ኖሮ ማን ይቀየማቸው ነበር? ከዚያ ጎረቤቴን ጠራሁት። ሲገባ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጉ ቀን እንኳ አላየሁበትም።

«ፎርማት አላልኩህም?» አለ።

ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ጫነልኝ። 11ን አልቻልንም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል፤ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰር ስምንተኛ ትውልድ ካልሆነ በደንቡ አይቀበልም። ሰባት ቤት ቆጥሮ ስምንተኛውን የሚድር! አገራችን ሲሠራበት የኖረ ሕግ ነው፤ አልፈርድበትም። የእኔው ሁለተኛ ትውልድ ስለሆነ ዘመድ ነው ተብሎ ተመልሷል።

ራም 8፣ ሁሉም ያገለግላል። ፎቶሾፕ እንደ ሰው ተከፈተ። ሽፋኑን ጨርሼ ወደ መሃሉ ገጽ ስገባ አምፖሉ ቢጫ ሆነ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ከጓዳ የምጣድ ሽታ መጣ። ረቡዕ ነበር። እትዬ ረቡዕና ቅዳሜ ይጋግራሉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ የእኔ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ 200 ዋት ባይሞላ ነው። በአንድ ቀጭን መስመር ሁለታችን ስንጠባ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ይወርድ ይወርድና ደካማው ይወድቃል። ደካማው እኔ ነኝ። የሽማግሌው ገለባ ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሬ ስለውጥ ነው የከረምኩት።

650 ቪኤ ዩፒኤስ ገዛሁ። መብራት ሲሄድ ሥራዬን መዝግቤ በሰላም የምዘጋበት አምስት ስድስት ደቂቃ ይሰጠኛል፤ ለዚች ለአምስት ደቂቃ የከፈልኩትን ለሌላ ነገር ከፍዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ግን ሌዘር ፕሪንተሩንም እሱ ላይ ሰካሁት። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ሲግል የሚስበው ኃይል የምጣድ ታናሽ ወንድም ያደርገዋል። ዩፒኤሱ አንድ ረጅም ጩኸት ጮኾ ሁሉንም ይዞ ጠፋ። እትዬ ከጓዳ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉ። ፕሪንተሩ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ከሁሉ የረከሰው ማሻሻያ አንድ ወረቀት ነው። «ረቡዕና ቅዳሜ፣ ምጣድ ከ10 ሰዓት በኋላ» ብዬ ጽፌ ጓዳ በር ላይ ለጠፍኩ፤ በምትኩ የእትዬ የዕድር ወረቀት ሁሉ በነፃ ይታተማል። ስምምነቱ የተፈረመው በቡና ነው።

መብራት በጠፋበት በአንዱ ከሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን አሰብኩ። ጋስጫ እዚሁ በእኛ በወሎ ቦረና ምድር ነው፤ መጽሐፈ ምሥጢርን ከደረሱ 600 ዓመት ሆኗል። የያኔ ጸሐፊ መሣሪያው ተፍቆ የለዘበ ብራና፣ የመቃ ብዕር፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም ነው። ሲሳሳት በስለት ይፍቃል። ብራና ሲያልቅበት ሌላ ፍየል ወይም በግ ይታረዳል፤ ማከማቻ የሚሰፈረው በቆዳ ነበር ማለት ነው። የእኔም ራም ዋጋው ጠቦት ነው፤ ብቻ ሥጋው የለውም። ትውፊቱ ደግሞ አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሳሉ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ዓመታት እንደቆዩና፣ በኋላ እመቤታችን የልቡና ጽዋ እንዳጠጣቻቸው ይናገራል። የእኔን ያመጣልኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ እሱም አንዴ ተሳስቶ።

ኤስኤስዲው ሐምሌ ላይ መጣ። ያ ሽማግሌ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ እየዞረ፣ መርፌውን ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ በሰኮንድ 100 ሜጋ ባይት ያህል ያነብ ነበር፤ ይኼ ምንም ሳይንቀሳቀስ 500 ያነባል። ሌላው ሁሉ ለሥራ ነበር፤ ይኼ ለነፍስ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ወደ ዳቦ ቤት ፊቴን ሳዞር ተከፍቷል። ሃያ ሰኮንድ። ዳቦ ሻጯ ለሁለት ቀን ሳልሄድ ብቀር ታሞ ነው ብላ ልጅ ላከች። (መጽሔቱ? በጊዜው ደረሰ፤ በፍላሽ አዲስ አበባ ሄዶ ታትሞ መጣ። ገጽ 41 ላይ ያለችው ልጅ ፎቶዬ ጠቆረ ብላ አኩርፋኛለች።)

አባ ባለ ድንበሩ ነሐሴ ላይ መጡ። ጎረቤታቸው አጥሩን ዳግመኛ ገፍቶባቸዋል። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳ አስደገፉ። ድሮ ይኼን ሁሉ አድርገው፣ የአያታቸውን ርስት ከነአዋሳኙ ተርከው፣ ማን ማንን እንዳገባ ነግረውኝ ነበር ማሽኑ የሚከፈተው። ያን ጊዜ ስጽፍላቸው ጉዳዩ በስሎ፣ ንዴታቸውም በርዶ፣ አንድ ገጽ ይወጣው ነበር። አሁን ግን «ባለፈው ዓመት» ብለው ሳይጨርሱ እኔ ያለፈውን ማመልከቻ ከፍቼ፣ ቀኑን ቀይሬ፣ አጥሩን በአንድ ክንድ ጨምሬ፣ አትሜ ሰጠኋቸው።

ወረቀቱን ገለባበጡት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ገለባበጡት።

«አለቀ?»

«አለቀ አባቴ።»

«ያ የዱሮው ያስብ ነበር» አሉ። «ይኼ ዝም ብሎ ነው የሚተፋው።» ከኪሳቸው ብር አውጥተው ቆጠሩና ግማሹን መለሱት። «ላልደከመበት ሙሉ ዋጋ ይከፈላል እንዴ?»

ኤስኤስዲውን በስንት እንደገዛሁ ልነግራቸው ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አምፖሉ ቢጫ ሆነ። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና 8 ሰዓት፣ ረቡዕ። ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ፤ ቶሎ መዝግቤ ዘጋሁት። ከጓዳ የእትዬ ድምፅ መጣ፦ «ልጄ፣ እንግዳ ደርሶብኝ ነው፤ አንድ አምስት እንጀራ ብቻ!»

ሽማግሌው የጠቆረውን ስክሪን አዩት። ቀስ ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ፣ ብሩንም ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ ወደ ግድግዳውም ተደገፉ።

«አሁን ገና» አሉ። «ጻፍ እንግዲህ፤ አያቴ ሦስት ወንድ ልጆች ነበሩት...»